ዘይት የጠጣው ምርኩዝ

ኑ፣ ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! እናንተ በሩን ተደግፋችሁ የቆማችሁት፣ በሩ ያለ እናንተም ይቆማል፣ ልቀቁትና ግቡ። አንተ ስልክህን ኪስህ ክተት። አንቺ ደግሞ ሳቅሽን ለኋላ አቆዪው፣ ገና ምንም አላልኩም። ዝም! የሚያስነጥስ ካለ አሁኑኑ አስነጥሶ ይጨርስ። ጨረሳችሁ? በሉ ጆሯችሁን አበድሩኝ፣ ስጨርስ እመልስላችኋለሁ።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ወንድይፍራው ይባላል። ስሙ እንደዚያ ይበል እንጂ ሰውየው ዶሮ እንኳን አያስፈራም፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ሳቁ ተከትሎት ይወጣል። ሱቁ ውስጥ ሐሩ፣ ሳቲኑ፣ ከፋዩ ተደርድሯል። ደንበኛ በመጣች ቁጥር "እስቲ ዳብሺው! እስቲ በጉንጭሽ ንኪው!" ሲል ነው የኖረው። ጣቱ ለስላሳ ለምዶ ለምዶ፣ የሚሻክር ነገር ሲነካ ፊቱ ሎሚ እንደቀመሰ ሕፃን ይጨማደዳል። በረንዳው ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጫቅጩ ይውላሉ።

ይሄ ሰው ጉልበቱን ታመመ። ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም ጉልበቱን እያገላበጠ አየና፣

"ቁጭ ብለህ ስትሸጥ ጉልበትህ ዛገ። ተነሥና ተራመድ። ግን አደራ፣ ተመርኩዘህ። ይሄ ጉልበት አንድ ክፉ አወዳደቅ ከወደቀ፣ እንኳን ተራራ የሱቅህንም ደረጃ አትወጣም" አለው።

በከተማው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው፣ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸው አይደለም፣ ስለትም የለባቸውም፤ ዝም ብሎ ደስ ስለሚላቸው ነው። ጫፉ ላይ ይወጣሉ፣ ከተማውን ቁልቁል ያያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ይወርዳሉ። በቃ። እናንተ ከአልጋ ለመውረድ በምትለመኑበት ሰዓት እነሱ ተራራ ይወርዳሉ።

ወንድይፍራው ከነሱ ጋር መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ለጉልበቱ ብሎ ነበር፣ ኋላ ግን ተራራው ራሱ ልቡ ውስጥ ገባ። እዚያ ላይ ሆኖ ሱቁን ሲፈልገው የክብሪት ቀፎ አክሎ ያየዋል። "ለካ ዕድሜዬን እዚህች ውስጥ ነው የጨረስኩት!" ይልና ይስቃል። ቅዳሜ እስኪደርስ እንደ ሙሽራ ይቁነጠነጥ ጀመር። ዳቦውን የሚያመጣው እሱ፣ ጨዋታውን የሚያመጣው እሱ ስለሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ መሪ አድርገው ሾሙት።

እነዚህ ሰዎች አንድ ደንብ ነበራቸው። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር መሪው ምርኩዙን መሬት ይተክልና "በዚህ እንሂድ?" ይላል። ሌሎቹ "እንሂድ!" ይላሉ። ግን አንድ ሰው እንኳን "ቆይ" ካለ ሁሉም ይቆማል፤ መንገዱን አይተው፣ ተነጋግረው ነው የሚንቀሳቀሱት።

ይቺ "ቆይ" የምትባል ቃል የአንድ ሰው የግል ንብረት ነበረች። ጫንያለው የሚባል ጡረተኛ ሾፌር፣ ዕድሜውን አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ። ድምፁ ዝገት የበላው የቆርቆሮ በር ነው።

"በዚህ እንሂድ?" ይላል ወንድይፍራው።

"እንሂድ!"

"ቆይ!" ይላል ጫንያለው።

"ደግሞ ምን አየህ?"

"ድንጋዩ ላልቷል።"

ትንሽ ይሄዳሉ። "ቆይ!"

"አሁንስ?"

"የጫማህ ማሰሪያ ተፈቷል፣ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?"

እንዲህ ነበር ጉዟቸው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ያስቆማቸዋል። ልክ ሆነም አልሆነም ግን ይጮሃል።

ታዲያ ወንድይፍራው ዘመናዊ ምርኩዝ ገዛ። እንደ ሬዲዮ አንቴና አንዱ ቱቦ አንዱ ውስጥ የሚገባ፣ ሲፈልጉ የሚረዝም፣ ሲፈልጉ የሚያጥር። የሚፈልጉት ርዝመት ላይ አድርሶ ጠምዘዝ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ ታብጥና ቱቦውን ከውስጥ ቆንጥጣ ትይዘዋለች። ሽቅብ ሲወጡ ያሳጥሩታል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ያስረዝሙታል። ሸጋ ነገር ነው። ግን አመል ነበረው፤ ሲጎትቱት ሲጥ! ሲጠመዝዙት ሲጥጥጥ! ጥርስ ያማል።

ከሰዎቹ መሀል ሸዋንግዛው የሚባል የቤት ደላላ አለ። ምላሱ ከወንድይፍራው ሳቲን ይለሰልሳል። ያን ጩኸት ሰማና፣

"ጋሼ፣ ይሄ ምርኩዝ ከጫንያለው ጋር የሥጋ ዝምድና አለው እንዴ?" አለ።

ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጫንያለው አልሳቀም። ወንድይፍራው ግን ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ እስኪያለቅስ።

በሳምንቱ ዓርብ ማታ ቤቱ ገብቶ ምርኩዙን ፈታታው። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ያለው ሰው የሚጮህ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? የስፌት መኪና ዘይት ያነሳል! የሱቁ በር ሲንጣጣ ያቺ ዘይት፣ መቀሱ ሲከብድ ያቺ ዘይት፣ የሚስቱ የወይዘሮ ዘርፌ ሳጥን አልከፈት ሲል ያቺ ዘይት። ጉልበቱንም ሳይቀባት አልቀረም። ቱቦውንም፣ ቡሿንም እስኪጠግቡ አጠጣቸው።

ወይዘሮ ዘርፌ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። "ምን እያደረግክ ነው?"

"አፉን እያስያዝኩት ነው።"

"ምነው ዝም ብትለው? ቤቱ በሙሉ ልብስ ሰፊ ልብስ ሰፊ ሸተተ እኮ!"

"ነገ ስትሰሚው፣ ማለቴ ሳትሰሚው፣ ታመሰግኚኛለሽ" አላትና ቱቦውን ሳብ አደረገው። ድምፅ የለም። እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሐር! ሰውየው በደስታ ደጋግሞ ሲስበው ሲመልሰው አመሸ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ሊወጡ ተነሡ። አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ተራራውን ጉም ሸፈነው። ጫንያለው "ቆይ! ዛሬ አይሆንም፣ እንመለስ" አለ። ተነጋገሩ፣ ተከራከሩ፣ ተመለሱ፤ ከአጋማሹ በታች ቁልቁለቱ ገር ስለሆነ ወንድይፍራው ምርኩዙን ማስረዘም አላስፈለገውም። ገና እግራቸው ሜዳውን ሲረግጥ ግን ጉሙ ተገፎ፣ ጫፉ ፀሐይ ለብሶ ቁጭ አለ! ከተማው ሁሉ የሚስቅባቸው መሰላቸው። ሸዋንግዛው አንገቱን እየነቀነቀ "ውይ ጋሼን! ስንት ተስፋ አድርገው..." አለ። ወንድይፍራው ነደደው።

"ጫንያለው፣ በቃኝ! ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቃትን አንዲት ቀን አሻክረህ አሻክረህ ጨረስካት። ትንሽ እረፍ። ቤትህ ቁጭ በልና ከወንበርህ ጋር ተጨቃጨቅ!"

ጫንያለው አየው። ሌሎቹን አየ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያያሉ።

"እሺ" አለ።

ያ ሰው ተወልዶ ሳይከራከር እሺ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው። ዞሮ ሄደ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። እንዴት ያለ ቅዳሜ ነበር መሰላችሁ! ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሮ አገሩ ታጥቧል። "በዚህ እንሂድ?" "እንሂድ!" "በዚህስ?" "እንሂድ!" እንደ ጸሎት ነው የሚቀባበሉት። ምርኩዙም ጭጭ። ሽቅብ ሲወጣ ጭራሽ አሳጥሮት ቱቦው ቱቦ ላይ ስለተቀመጠ፣ ዘይት ጠጣ አልጠጣ የሚያስታውቅ ነገር የለም። ጫፉ ላይ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሳቁ ቀለጠ። "እንዲህ ነው እንጂ ሰላም!" አለ ሸዋንግዛው፣ አፉን ዳቦ ሞልቶት።

ሲመለሱ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረሱ። አንዱ ዞሮ የሚሄደው የተለመደው መንገድ ነው። ሌላው ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ ቁልቁል የሚወርድ አቋራጭ፤ ቀይ ጭቃ ነው፣ ውሃ ያበራበታል። ወንድይፍራው ምርኩዙን አቋራጩ ላይ ተከለ።

"በዚህ እንሂድ?"

ጥያቄውን ጥሎ ትንሽ ጠበቀ። ራሱም ሳያውቀው ጆሮው አንድ ነገር ሲጠብቅ ነበር። የመጣው የወፍ ድምፅ ብቻ ነው።

"እንሂድ!" አሉ ሁሉም።

ለቁልቁለቱ ምርኩዙን አስረዘመና ጠመዘዘው። ዞረ። ጠመዘዘው። ዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ማቆሚያ የለውም። መዳፉ "አልያዘም" ትለዋለች። እሱ ግን ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"ይዟል ትላላችሁ?"

"እንዴ ጋሼ!" አለ ሸዋንግዛው፣ "ይሄማ ተራራውንም ይይዛል!"

"ይይዛል፣ ይይዛል" አሉ ሌሎቹም።

አይ የሰው ነገር! የገዛ መዳፉን ትቶ የሰው አፍ አመነ። እግሩን ጭቃው ላይ አሳረፈና፣ ያን ሁሉ ሆድ ምርኩዙ ላይ ጫነበት። ምርኩዙ ምን አደረገ? ራሱን ዋጠ! ሹልክ ብሎ እጅጌው ውስጥ እንደሚገባ ክንድ ቱቦው ቱቦው ውስጥ ገባ። ወንድይፍራው በአፍጢሙ ተደፋ፣ ተገለበጠ፣ በጀርባው ተንሸራተተ፣ ጭቃውን እንደ ጣቃ ጨርቅ እየተረተረ ሄደና የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተላተመ። በዚያችው ጉልበቱ።

ጩኸቱ ከተማው ድረስ ተሰማ ይባላል። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ እውነት ሊሆን ይችላል።

ኮቶቻቸውን በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ወጥረው ተሸከሙት። ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ የተሸካሚዎቹን ወሬ ይሰማል።

"እኔ እኮ ያ ጭቃ ገና ሳየው ደስ አላለኝም ነበር" ይላል አንዱ።

"ዘንጉ ዝም ብሎ ሲሽከረከርስ አላየህም?"

"አይቼዋለሁ እንጂ!"

ወንድይፍራው አንገቱን ቀና አደረገ። "አይታችኋል? ታዲያ አፋችሁን ምን ያዘው?"

 የጫማቸው ጭቃ ብቻ ጭቅ ጭቅ ይላል። በመጨረሻ ሸዋንግዛው፣ ያ ሳቲኑ ሸዋንግዛው፣ በላብ እንደተጠመቀ እንዲህ አለ፦

"ጋሼ፣ ቆይ የሚል ሰው እንዴት እንደሚሸኝ አይተናል እኮ።"

ወንድይፍራው አንገቱን መልሶ አስተኛ። 

ወይዘሮ ዘርፌ በር ላይ ስታየው ጭንቅላቷን ያዘች። ሐኪሙ መጣ፣ ጉልበቱን ነካካ፣ ወንድይፍራው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። የፈራው ሕመሙን አይደለም፤ የፈራው ተራራውን ነው።

"ዕድልህ ነው፣ አጥንቱ ተርፏል" አለ ሐኪሙ። "ትወጣለህ። ግን የሚይዝህ ነገር ሳይኖርህ እንዳትሞክር። ሁለተኛ ዕድል የለህም።"

ሰውየው አልጋው ላይ ሆኖ ምርኩዙን ሊጠግን ታገለ። በፕላስተር ጠቀለለው፣ ተላጠ። የሳቲን ቁራጭ ቱቦው ውስጥ ጠቀጠቀ፣ ባሰበት። ጥርሱን ነክሶ ጠመዘዘው፣ ዞረ። መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ትንሽ ሲሻለው፣ የመጥረጊያ እንጨት ተመርኩዞ፣ ምርኩዙን በብብቱ ሸጉጦ፣ እያነከሰ ጫንያለው ቤት ሄደ።

ጫንያለውን ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጣ አገኘው። ጫንያለው ቀና ብሎ አየው።

"ምነው እንደ ውሃ ዳር ወፍ በአንድ እግር ቆምክ?"

"ወድቄ ነው።"

"ሰምቻለሁ። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ምን ፈለግክ?"

ወንድይፍራው ምርኩዙን ዘረጋለት። "አልይዝ አለኝ።"

ጫንያለው ቱቦውን መዘዘው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው። "ይሄን ሁሉ ዘይት ማን አጠጣው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ይጮህ ነበራ!"

ይሄን ብሎ ራሱ ደነገጠ። ጫንያለው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"እኔም ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ሲጮህ ተሳፋሪው ይሰድበኝ ነበር" አለ። "ሞተሩን ዘይት አጠጣዋለሁ፣ ፍሬኑን ግን ጠብታ አላስነካም። ተፋትጎ ነዋ የሚያቆመው። አንተ ደግሞ ፍሬንህን ቀብተህ ቁልቁለት ወረድክ።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"የጨርቅ ሰው አይደለህ? ጥረገው!"

ወንድይፍራው ከኪሱ የሳቲን መሐረቡን አወጣና ጠረገ። ዘይቱ ከወዲህ ወደዚያ ሄደ፣ ከዚያ ወደዚህ ተመለሰ። ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ መሐረቡን አየና በገዛ ራሱ ሳቀ። "ይሄ ደግሞ ዘይቱን ያቅፈዋል እንጂ አይጠርገውም! ጫንያለው፣ አቡጀዲ አለህ? ሻካራ፣ ያልታጠበ አቡጀዲ!"

ጫንያለው አቡጀዲ ቀደደለት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግቢው መሀል ቁጭ ብለው ቱቦውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡት፤ ጨርቁን ገመድ ላይ አስረው በቱቦው ውስጥ አመላለሱት። ቡሿን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረጓት። ከልብሱ ጎን ፀሐይ ላይ አሰጡት።  ሲደርቅ ገጠሙትና ወንድይፍራው ጠመዘዘው።

ሲጥጥጥጥ!

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ወንድይፍራው ተነሥቶ ያን ሁሉ ሆድ ምርኩዙ ላይ ጫነው። ምርኩዙ ንቅንቅ አላለም።

"ጫንያለው" አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ። "ቅዳሜ..."

"ምን ቅዳሜ?"

"ጉልበቴ ሲድን፣ ቅዳሜ አብረኸን ና።"

"መጥቼ ልጩህ?"

"ጩህ።"

"ሁሌም?"

"ኧረ ዳቦ ስንቆርስ እንኳን እረፍ!"

ያኔ ነው ጫንያለው የሳቀው። ሳቁም እንደ በሩ ነው፣ ይንጣጣል።

እንግዲህ እናንተ ደግሞ እንዳታዛጉብኝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጫንያለው ሁሌ ልክ ነበር አላልኳችሁም፤ በጉሙ ቀን ተሳስቷል፣ ሰውን ከነዳቦው መልሷል። የሚጮህ ሁሉ ያውቃል ማለትም አይደለም። ግን የሚይዝህ ነገር ሲይዝህ ትንሽ ይፈትግሃል፤ መፋተጉን ስታጠፋው መያዙም አብሮ ይጠፋል። ሽቅብ ስትወጣ አይታወቅህም፣ ሁሉም ነገር አጥሮ ተጣጥፎ ደህና ይመስላል። የሚታወቅህ ቁልቁለቱ ላይ፣ ያለህን ክብደት ሁሉ ስትጥልበት ነው። ያኔ "ይይዛል" ሲሉህ የነበሩትን ዞረህ ብትጠይቅ፣ እነሱም አንተን ፈርተው ነው ዝም ያሉት። እስቲ አንተ፣ አዎ አንተ፣ ጥግ ይዘህ የምትስቀው፣ በቤትህ፣ በሥራህ "እረፍ" ብለህ የሸኘኸው ማንን ነው? አሁን አትንገረኝ፣ ማታ አስበው።

ቅዳሜ ደረሰ። ወንድይፍራው ጉልበቱ ድኖ ተራራው ሥር መጣ። ወይዘሮ ዘርፌም "ከእንግዲህ ብቻህን አልለቅህም" ብላ ጫማዋን አጥብቃ መጥታለች። ጫንያለውም አለ። ወንድይፍራው ምርኩዙን ጠመዘዘ፣ ሲጥጥጥ! የመጀመሪያዋ መታጠፊያ ላይ ተከለው።

"በዚህ እንሂድ?"

"እንሂድ!"

"ቆይ!" አለ ጫንያለው።

አንዳንዱ አጉረመረመ። "ጀመረ ደግሞ! ገና ከሥሩ?" አለ አንዱ። "ጠዋታችንን ሊያበላሸው ነው" አለ ሌላው። ሸዋንግዛው ደግሞ አመል አይለቅም፣ ወደ ወይዘሮ ዘርፌ ጠጋ ብሎ ድምፁን አለስልሶ፣

"እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ሰውየው ይጮሃል፣ ምርኩዙም ይጮሃል። ምርኩዙን እንኳን ጠብታ ዘይት ነካ ቢያደርጉት ምን ይላል?" አላት።

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

"ይጩሁ! ሁለቱም ዝም ያሉ ቀን አይደለም እንዴ ባሌን በአጣና ተሸክማችሁ ያመጣችሁልኝ?"